የማገገም ደቦ

ሐሴት ከሆስፒታል በወጣች በሃያኛው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ አልጋዋ ላይ እንደተኛች ዘጠኝ መቶ ሃያ እርምጃ ተራመደች። አራት ፎቅ ደረጃ ወጥታ ወረደች። ከዚያ ለሰባት ደቂቃ ያህል ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጋር ስትከራከር የልቧ ምት ትንሽ ከፍ አለ፤ ሻጯ ስትረታ ተረጋጋ። ይህን የሚለው በደብረ ብርሃን የማገገሚያ ቢሮ ያለው መዝገብ ነው።

የተራመደችው ግን ልያት ነበረች። ልያት የምድር ቤት ጎረቤት ናት፤ ዕድሜዋ ስልሳ አንድ፣ ጉልበቷ የወጣት፣ ምላሷ የምላጭ። የሐሴትን አምባር በእጇ አጥልቃ ገበያ ደርሳ መምጣቷ ነው። አምባሩን የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር አስበው ነበር፤ ሰው የራሱን ሕመም ለጎረቤት ያከፋፍላል ብለው ግን አላሰቡም። አምባሩ የማን እጅ ላይ እንዳለ ሳይጠይቅ ያገኘውን ይቆጥራል።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጭረት ነው። ሐሴት በብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ሽመናው የማሽን ነው፤ የእርሷ ሥራ ከማሽኑ የወጣውን ብርድ ልብስ በመዳፏ ዳስሳ «ይሞቃል» ወይም «አይሞቅም» ማለት ነበር። ማሽኖቹ ይህችን ብቻ ገና አልለመዷትም። አንድ ቀን የተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ አውራ ጣቷን ጫረው፤ በውሃ አለቅልቃ ረሳችው። በሦስተኛው ቀን ጥርሷ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጣት። በአራተኛው ቀን የገዛ ቤቷን መለየት አቃታት። ሐኪሞቹ የደም መመረዝ ነው አሉ። በጭረቷ የገባውን ተሕዋስ ለመዋጋት የተነሣው ገላዋ መለስ ብሎ ራሱን መደብደብ ጀምሮ ነበር፤ ኩላሊቷ ሥራውን አቆመ፣ ሳንባዋ ደከመ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማሽን ተነፈሰላት።

ተረፈች። ባሏ ኢዮስያስ የሆስፒታሉ በር ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ ሕንፃው ሁሉ በእልልታ ተቀበላት። ከተረፉ በኋላ ምን እንደሚመጣ ግን የነገራት ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የመዳፏ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ጀመር። ፀጉሯ ማበጠሪያ ላይ እየቀረ ሳሳ። ከአልጋዋ እስከ መስኮት ሄዳ ስትመለስ ላብ ያጠምቃታል፤ አንድ መስመር አንብባ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋባታል።

በዚያ ዘመን፣ በ2068 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከከባድ ሕመም የተነሣ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው አምባር አጥልቆ ነበር። እርምጃው፣ ሙቀቱ፣ እንቅልፉ፣ የጭብጡ ጉልበት ተለክቶ በአንድ ቁጥር ይጠቀለልና ከመቶ ስንት እንደሆነ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ ይበራል። በዘጠና ቀን ውስጥ አርባ ያልደረሰ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ማገገሚያ ማዕከል ይወሰዳል። ማዕከሉ ጥሩ ቦታ ነው ይላሉ፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ቤተሰብ በወር አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ይታያል። ከጎን ሕንፃ የተወሰዱት የሒሳብ መምህር ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ቁጥራቸው ሠላሳ ስምንት ደርሷል።

የሐሴት ቁጥር አስራ አንድ ነበር። ኢዮስያስ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ግድግዳው ፊት ይቆማል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን ተለያይተው አላደሩም፤ ሆስፒታል እንኳ ወንበር ላይ ነበር ያደረው። ሐሴት ጀርባውን እያየች «ይወስዱኛል ማለት ነው» ትልና ፊቷን ወደ ትራሱ ታዞራለች።

ወሬው ልያት ጋ ሲደርስ ልያት ጎረቤቱን በሙሉ በጋራ ቤቱ ሰበሰበችው።

«እስቲ ንገሩኝ» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ገብሱ ሲደርስ ብቻውን የሚያጭድ ገበሬ አይታችኋል? ደቦ ይጠራል እንጂ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህች ልጅ ከሞት አፍ ወጥታ መጥታ፣ በቁጥር እንቀማት? እርምጃውን ለኔ ስጡኝ።»

«እንቅልፉን ለኔ» አሉ ጋሽ ናታኒም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። «ከእንቅልፍ በቀር የምኮራበት ነገር አልቀረኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሳልገላበጥ ነው የምተኛው።»

ያ ትውልድ ሲወለድ ወላጆቹ ማንም ያልሰማውን ስም ፍለጋ መጽሐፍ ሲያገላብጡ የከረሙ ናቸው። አሁን እነ ናታኒም፣ እነ ኢዮስያስ፣ እነ ልያት አርጅተው ጋሼና እትዬ ሆነዋል፤ ደቦውን ግን ከአያቶቻቸው እንደወረሱት ያውቁታል። የሦስተኛው ፎቅ ወንድማማቾች ጭብጡን ወሰዱ፤ ሌላዋ የዕረፍት ጊዜ የልብ ምቱን፣ ሌላው የፀሐይ መሞቂያ ሰዓቱን። አስራ አንድ ሰው ሆኑ። አምባሩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ መዝገቡም በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሐሴት ማንኮራፋት መጀመራቸውን አሰፈረ።

ሐሴት እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። ሰው እንዲህ ሲወዳት የኢዮስያስን እጅ ይዛ አለቀሰች፤ ደስታዋም የምሯን ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ልትነሣ እግሯን ስታወርድ ልያት በሩን ትከፍትና «ተኚ! ምን አስነሣሽ? ሦስት ሺህ ረግጬልሽ መምጣቴ ነው» ትላታለች። ትተኛለች። እግሯ ከቀን ወደ ቀን ሰለለ። አመሻሽ ላይ ሁሉም ተሰብስበው እያንዳንዱ የሠራላትን ያወራላታል፤ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ዓይናቸውን ይጥሉባታል።

«ዛሬስ እንዴት ነሽ?»

ላቡን ጠብ አድርጎ ለመጣ ሰው ምን ይባላል? «ተመስገን፤ እየተሻለኝ ነው» ትላለች። እነርሱም ይደሰታሉ፤ እርሷም ስለ ደስታቸው ስትል ፈገግ ትላለች።

ቁጥሩ ሃያ አራት ሆነ። አርባ ሦስት ሆነ፤ ያን ቀን ኢዮስያስ ግድግዳውን ሳመው። ያኔ መቆም ይቻል ነበር። ግን ደቦ አንዴ ከሞቀ ማን ያቆመዋል? ልያት ከጎን ሕንፃ ሴቶች ጋር እልህ ተጋብታ ነበር። ሰባ አንድ ሆነ፤ ሰማንያ ስምንት ሆነ። በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ግድግዳው ራሱ ሙዚቃ አሰማና የማገገሚያ ቢሮውን ደብዳቤ አነበበ፦ ወይዘሮ ሐሴት ከዞኑ አንደኛ ሆነው አገግመዋል፤ የሕመም ፈቃዳቸው ተጠናቋል፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በፋብሪካው እንዲገኙ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። ሐሴትም ቆማ አጨበጨበች፤ ቆማ የቆየችው ወገቧን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፋ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጀርባዋን ቀዝቃዛ ነገር ሲዳብሳት ተሰማት። ቀጥሎ ጥርሷ ተንገጫገጨ።

«ኢዮስያስ» አለችው። «በረደኝ።»

ኢዮስያስ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ሙቀት ሠላሳ ስድስት ከስድስት፤ የልብ ምት ሰባ፤ ጠቅላላ ሰማንያ ዘጠኝ። «ደህና ነሽ» አላት በፍቅር። «የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፤ መስኮቱን ልዝጋልሽ።» መስኮቱን ዘጋ፣ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ደረበላት፣ ትኩስ ወተት አመጣላት። አምባሩ በዚያ ሰዓት ልያት እጅ ላይ ሆኖ ባቡር ጣቢያውን እየዞረ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ሆኖም ከሃምሳ ሁለት ቀን በኋላ ሐሴት የገዛ ገላዋን ከማመን ግድግዳውን ማመን ቀለላት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተንቀጠቀጠች ደህና ነኝ ብላ ተኛች።

ልያት አስር ሰዓት ላይ ላቧን እየጠረገች ገባች። ወሬዋን ልትጀምር ስትል ሐሴትን አየቻትና መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«እሳት! ኧረ ይቺ ልጅ እሳት ናት! አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሠላሳ ስድስት ከስድስት ይላል እኮ…»

«እሱ የኔ ነው! የኔ ሙቀት ነው!»

አምባሩን ከእጇ አውልቃ ለሐሴት አጠለቀችላት። ሙቀቱ ወዲያው ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት ዘለለ፤ ግድግዳውም በጨዋ ድምፅ «የመለኪያ ስህተት ተገኝቷል። እባክዎ አምባሩን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ» አለ። ወለወሉት። ደግሞ እንዲወለውሉት ነገራቸው።

ወንድማማቾቹ በብርድ ልብስ አቅፈው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት፤ ስድስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። የጣቢያው በር አምባሯን አነበበና አልተከፈተም።

«ወይዘሮ ሐሴት፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቁጥርዎ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ጤነኞች የሚስተናገዱት ረቡዕ ነው።»

«ታማለች!» ጮኸች ልያት።

«ጤነኞች የሚስተናገዱት ረቡዕ ነው።»

ልያት በሩን በጫማዋ መታችው። በሩ አመሰገናት። ኢዮስያስ ለበሩ ምን ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ቁጥሩ የእርሷ አይደለም ካለ አርባውም የእርሷ አይደለም። ሰፋፊ መስኮቶች፣ በወር አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ የምትታይ ሚስት። ዝም አለ፤ ዝም ማለቱንም ራሱ አየውና አፈረ። ሐሴት ፊቱን ስታየው ሁሉም ነገር ገባት። ከወንድማማቾቹ ክንድ ወርዳ በሩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቁጥሩ የኔ አይደለም» አለች።

«አልተረዳሁም።»

«ሐሲ፣ ተይ…» አለ ኢዮስያስ። «ይወስዱሻል።»

«ይውሰዱኝ። ቆሜ ልሂድላቸው።» ወደ በሩ ዞረች። «አልዳንኩም! አንድም እርምጃ አልተራመድኩም። የተራመዱልኝ እነዚህ ናቸው። የተኙልኝም እነዚህ ናቸው። እኔ ታምሜያለሁ!»

በሩ «ወደ ሰው እያስተላለፍኩ ነው» ብሎ ተከፈተ።

ሰውየዋ ሲስተር አስካለ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የዘመኑ ልጅ ስለሆነች የጥንት ስም አላት። አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ ደም ቀዳች፤ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ጀመረችላት፤ ሙቀቱ እስኪወርድ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ከጉሮሮ የተነሣ ኢንፌክሽን ነበር። አንዴ የደም መመረዝ ያገኘው ሰው እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ እንደሚከፋበት ለኢዮስያስ ነገረችው፤ ስንት ሰዓት ቀርቷት እንደነበር ግን አልነገረችውም።

ሰኞ ጠዋት፣ ፋብሪካው በሚከፈትበት ሰዓት፣ አስራ አንዱም ጎረቤቶች የሐሴት አልጋ ግርጌ ተደርድረው ነበር። ሲስተር አስካለ መዝገቡን ዘርግታ ጠየቀቻቸው።

«እርምጃው?»

«የኔ ነው» አለች ልያት፣ አንገቷን ደፍታ። አንገቷን ስትደፋ ያያት ሰው አልነበረም።

«እንቅልፉ?»

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ናታኒም።

ጭብጡም ባለቤት አገኘ፤ የልብ ምቱም፣ የፀሐይ ሰዓቱም። ሲስተር አስካለ የመጨረሻውን ጽፋ ቀና አለች።

«እና የእርሳቸው የቱ ነው?»

ሐሴት ትራሷን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

«የኔን ልንገርሽ፣ ልጄ። ደረጃ ሳይ እንባዬ ይመጣል። የጣቶቼ ጫፍ በድን ነው፤ የሚሞቀውም የማይሞቀውም አንድ ሆኖብኛል። ዛሬ ፋብሪካ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ሰው ሲንቀጠቀጥ የሚያድርበትን ብርድ ልብስ ‹ይሞቃል› እል ነበር። ሆስፒታል ሳለሁ ጣሪያው ላይ ጉንዳን ሲተራመስ አይ ነበር፤ የለም አሉኝ፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይተራመሳል፤ ስለዚህ መጨፈን እፈራለሁ። ትንሽ ነፋስ ሲነካኝ መጣ እላለሁ፣ ያ በሽታ መጣ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ለምን እንደሳቅን ግን አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ…» ቆመች፤ ኢዮስያስን አየችው። «ባለፈው ማክሰኞ ስምህ ጠፋኝ። ባሌ መሆንህን አውቃለሁ። ሳቅህን፣ ሳልህን፣ ሁሉን አውቃለሁ። ስምህ ግን የለም። ‹ስማ፣ ስማ› እያልኩህ እስከ ምሳ ቆየሁ።»

«የተቆጣሽኝ መስሎኝ!» አለ ኢዮስያስ። «ምን አጠፋሁ ብዬ ሰሃኑን ሁሉ አጠብኩ እኮ። መስኮቱንም አጠብኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሲስተር አስካለ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ሐሴትም ሳቀች፤ ይኸኛውን ለምን እንደሳቀች አወቀችው። ኢዮስያስ ብቻ እየሳቀ ሳለ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች ልያት። «ጠዋት ማታ እንዴት ነሽ ስንልሽ?»

«እንዴት ብዬ፣ ልያትዬ? የአንቺ ጉልበት ለኔ ሲል አብጧል። እኚህ ሰው ለኔ ብለው በጊዜ እየተኙ ማምሻቸውን ከሰው ተለይተዋል። ይህን ሁሉ ከለፋችሁ በኋላ አልዳንኩም ማለት ነውር መሰለኝ። ድካማችሁን ገደል የምከተው መሰለኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ ጋሽ ናታኒም በቁም ነገር።

«ይህን ከሁለት ወር በፊት ቢተርቱልን ጥሩ ነበር፣ ጋሼ» አለቻቸው ልያት፤ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ሲስተር አስካለ መዝገቡን ዘጋችው። የተጻፈው ሁሉ እንደሚሰረዝ፣ ዘጠናው ቀንም ከጣቢያው ከወጡበት ዕለት ጀምሮ እንደ አዲስ እንደሚቆጠር ነገረቻቸው። ኢዮስያስ አርባ ካልደረሰችስ ብሎ ጠየቃት። ደንቡ ያው ደንብ ነው አለችው፤ አላባበለችውም። ድካሙም፣ መርሳቱም፣ ፍርሃቱም የዚህ ሕመም ጭራ መሆኑን፣ ስንፍና እንዳልሆነ፣ ብዙዎቹ ሰዎች በወራት ሌሎቹ በዓመት ቀለል እንደሚላቸው፣ አንዳንዱ ነገር ግን አብሮ ሊቀር እንደሚችል አስረዳች። ሐሴት ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ደግሞም ቀለላት። ሕመሟ ስም ነበረው ማለት ነው።

«በቀን በቀን ትንሽ ትሂድ» አለች ሲስተር አስካለ ለጎረቤቶቹ። «ሲደክማት ትቀመጥ። እናንተም አብራችኋት ተቀመጡ። ሌላ ምንም አትሥሩላት።»

«ምንም?» አለች ልያት።

«ምንም።»

ዓርብ ጠዋት ሐሴት ከጣቢያው ወጣች። ሰው አልባው መኪና በር ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ በእጇ መለሰችው። አምባሩ የራሷ እጅ ላይ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ግን ከፊት ለፊት ይገፋል። መቶ አርባ እርምጃ ሄዳ የባቡር ሐዲዱ አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋ በላብ ረጥቦ። አስራ አንዱም ተደርድረው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ባቡሩ አልፎ ሲሄድ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው ብለው አዩአቸው። ልያት እግሯን ማሳረፍ አቅቷት አስፋልቱን በተረከዟ ትመታለች።

ጋሽ ናታኒም መነጽራቸውን አስተካክለው አምባሩን አነበቡ። «ዘጠኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ ሰው እንዳይሰማባቸው ያህል።

«ዘጠኝ» አለች ሐሴት። አምባሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከጫፉ የሚሰማት ነገር አልነበረም፤ በመዳፏ ስትነካው ግን ብረቱ በገላዋ ሙቀት ሞቋል። ብዙ ቆየች። ያቻኮላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ተነሣች። ኢዮስያስ እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው። ሐሴት አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለተኛ ሄደች። በዕድሜዋ ቀስ ብላ ሄዳ የማታውቀው ልያት ከንፈሯን ነክሳ፣ እግሯን እየለካች ከኋላዋ ተሰለፈች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እስከ ሕንፃው በር አራት ጊዜ ተቀመጡ፣ አራት ጊዜ ተነሡ። ማንም አልቀደማትም።